ይግባኝ የሌለው ዋንጫ

ጥቅምት 9

የኩሽናው በር ዛሬም በንፋስ ሲላተም ዋለ። ዋንጫዬን ስሩ ወተፍኩለት። የመጀመሪያዋን፣ እጇን ወደ ላይ የዘረጋችውን የነሐስ ሴት። ሰው ቤት ብትሆን መስታወት ውስጥ ተቀምጣ አቧራዋ ይወለወልላት ነበር። እኔ ቤት ግን ሠርታ ትበላለች።

ከሰዓት ዓይኔ መጣ። ካሜራማኔ። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ገና መጀመሪያ አብረን ስንሠራ "አንተ ዓይኔ ነህ፣ እኔ አፍህ ነኝ" አልኩት፣ በዛው ቀረ። ሾፌሩም መብራት ሠራተኛውም "ዓይኔ" ይለዋል።

ስለ አዲሱ ፊልም አወራን። አወራሁ ማለት ይሻላል፤ እሱ መቼ ያወራል? አንዲት ትኬት ቆራጭ፣ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት፣ አንድ በር። ሰው ሲገባ ፊቱ፣ ሲወጣ ፊቱ። በቃ። እኔ ራሴ እዛ በር ላይ ትኬት እየቀደድኩ፣ በመጋረጃ ቀዳዳ እያጮለቅሁ ነው ፊልም የተማርኩት። "ዲግሪ የላትም" ይሉኛል ከኋላዬ። ዲግሪዬ በር ነው! በር ላይ የቆመ ሰው ገቢውንም ወጪውንም ያያል።

ሻይ ልቅዳ አለ። ከብርጭቆው አጠገብ ቀዳው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከዛ ስክሪፕቱ ላይ።

"ዓይንህን ላፈር!" አልኩት እንደ ወትሮዬ።

ይሄ ስድብ ዕድሜው ከልጁ ይበልጣል። መብራት ሲያበላሽ ዓይንህን ላፈር፣ ሲዘገይ ዓይንህን ላፈር፣ አንዳንዴ ሥራው ከልኩ በላይ ሲያምርም ዓይንህን ላፈር። ሁሌ ይስቃል። ዛሬም ሳቀ። ግን ቆይቶ ነው የሳቀው… ምነው?

ጥቅምት 17

የዓይኔ ልጅ ደወለች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ምንም ነገር ስታወራ መድኃኒት የምታስረዳ ነው የሚመስለው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

"እትዬ፣ አባዬ የዓይን ግፊት አለበት። ቆይቷል። ደብቆን ነው።"

"ይታከማላ!"

"የሄደው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው።"

"ስንት ቀረው?"

"ምኑ?"

"ጊዜው ነዋ!"

"ሐኪም ቀን አይቆርጥም እትዬ። ግን አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ካለ… ቶሎ ብትጀምሩት" አለች።

እየሮጥኩ ቤቱ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሏል፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

"ዋይድ ሾቱ ሄዷል አለቃ" አለኝ። "ዳር ዳሩ ጨልሟል። አሁን ክሎዝ አፕ ብቻ ነው ያለኝ። ፊትሽን ሳይ ጆሮሽ የለም።"

"ጆሮ ድሮም የለኝም።"

"እሱስ እውነትሽን ነው።"

ሳቅን። ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ… ተይው።

ጥቅምት 21

ዓይኔ መነጽሩን ረግጦ ሰበረው። ስድቤ ከንፈሬ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።

ለካ የኔ ስድብ ሁሉ ዓይን ላይ ነው! ዓይንህን ላፈር፣ ዓይን የለህም ወይ፣ ዓይነ ደረቅ፣ ዓይን አውጣ… ሰው ላይ ሌላ አካል የለም እንዴ?

ኅዳር 4

ከረባት ደወለ። የፊልም ድጋፍ ቢሮው ኃላፊ። ያለ ከረባት ያየው ሰው የለም፤ ሲተኛም አያወልቀው ይሆናል። ስክሪፕቴ ጠረጴዛው ላይ ከተኛ ከርሟል። ስለሱ መስሎኝ ልቤ ዘለለች።

"እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ኮሚቴው የሕይወት ዘመን ሽልማት ወስኖልዎታል።"

"ዕድሜ ልክ ፈረድንብሽ በለኛ! ይግባኝ አለው?"

"ሃ ሃ… እርስዎ እኮ ጨዋታ ያውቃሉ።"

"ስክሪፕቴስ?"

"የሽልማቱ በዓል ይለፍና እሱንም እናየዋለን።"

"ካሜራማኔ በዓል የሚጠብቅ ዓይን የለውም እኮ ነው የምልህ!"

"ያሳዝናል… ግን ሁሉም በየተራው ነው እትዬ።"

በየተራው! ቀብር ላይ ሰው የሚያሰልፍ ነው የሚመስለው። ደግሞስ የሕይወት ዘመን ማለት ምን ማለት ነው? ገና በእግሬ እየሄድኩ ይለኩኛል እንዴ? ሜትር ይዞ ወደ ሰው የሚመጣ ወይ ልብስ ሰፊ ነው ወይ ሳጥን ሠሪ። እነዚህ ደግሞ ልብስ አይሰፉም።

ኅዳር 19

ዋንጫዎችሽን ለትርዒት አምጪ ተባልኩ። ሰበሰብኩ።

ነሐሷን ከበሩ ስር ጎትቼ አወጣኋት። ያኔ እሷን ስሸለም መድረክ መሪው ካርዱን ገልጦ "አቶ" ብሎ ጠራኝ። አቶ! አዳራሹ በሙሉ አንገቱን እያዞረ ወንድ ይፈልጋል። እኔ መሃል መንገድ ላይ ተገትሬያለሁ። ከኋላ ገመድ የሚጠቀልል አንድ ሰው "ሴት ናት እናንተ ዕውሮች!" ብሎ ጮኸ። ዓይኔ ነበር።

የመስታወቱ ከባሕር ማዶ በፖስታ ተልኮ ስብርብር ብሎ ነው የደረሰው። በሙጫ ለጠፍነው። ስሜ ያለበት ቁራጭ ግን ጠፋ፣ እና የማንም ዋንጫ ነው። የብር ሳህኑ የቁልፍ ማስቀመጫ ሆኗል። አንዱ የምስክር ወረቀት "ለታላቋ ተዋናይት" ይላል። ተውኜ አላውቅም! ማን ጠይቆኝ?

ሁሉም ላይ "ስለ ምስሉ ውበት" ምናምን ተጽፏል። ምስሉን ማን ነው ያነሳው? ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው አልጠየቀም። ጮኼያለሁ፣ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። "በቡድን አይሰጥም" አሉኝ። በቡድን ነው እንጂ የተሠራው!

የኩሽናው በር ቀኑን ሙሉ ሲላተም ዋለ።

ታኅሣሥ 6

ከረባት ቢሮ ጠራኝ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

"አንድ የምሥራች አለኝ። የዘንድሮው የፊልም ድጋፍ በሙሉ በስምዎ ይጠራል! መድረኩ ላይ እናበሥራለን።"

"ጥሩ ነው። ስክሪፕቴም በዛው ይገባል።"

ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። "እሱማ… አይችሉም።"

"ምን ማለት ነው አልችልም?"

"መመሪያው ነው። የክብር ተሸላሚ የሆነ ሰው ለድጋፍ አይወዳደርም። ለጀማሪዎች ዕድል እንዲሰፋ።"

"እና ስሜ ውስጥ ተቀምጦ ያድላል፣ እኔ በር ላይ እቆማለሁ?"

"እንደሱ ባይወስዱት…"

"እንዴት ልውሰደው? በገዛ ሠርጌ ሙሽራዋ አትገባም ተባልኩ!"

"ክብሩን ትተው መወዳደር መብትዎ ነው። ግን የዘንድሮው ተዘግቷል፤ የሚቀጥለው ውጤት በሚመጣው ዓመት ነው።"

በሩን በኃይል ልዘጋበት ብል ለካ በራሱ ቀስ እያለ የሚዘጋ ዓይነት ነው። ጎተትኩት፣ ገፋሁት… ቀስ። እዛ ቤት መናደድ እንኳን በመመሪያ ነው።

ታኅሣሥ 7

ለዓይኔ ነገርኩት። "አልወስድም" አልኩ። "ክብራቸውን ቀቅለው ይብሉት።"

"ውሰጂው" አለ።

"አብደሃል?"

"የሚመጣው ዓመት ሲመጣ እኔ በምኔ አያለሁ አለቃ?"

"ታዲያ ፊልሙስ?"

"ፊልሙ ቀርቷል።"

"አፍህን ዝጋ!"

አልዘጋም። ስናገር ዝም የሚል ሰው ዛሬ አፉ ተፈታ።

"ስንት ጊዜ ተሸለምሽ? አንድ ቀን ከፊት ሆኜ አይቼሽ አላውቅም። ወይ ካሜራ ላይ ነኝ ወይ ገመድ ላይ። አንድ ጊዜ እንደ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልይሽ። ከዛ ይጨልም።"

ተነሳሁ።

ስወጣ "ቀዩን ሻርፕሽን አድርጊ" አለኝ። "ቀይ አሁንም ይታየኛል።"

ጥር 13

ሽልማቱ ነገ ነው። ሻርፑን ስተኩስ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር… አቃጠልኩት። መሃሉ ላይ የካውያ ቅርጽ ተቀምጧል፣ ጥቁር። ከቤቱ ውስጥ ሌላ ቀይ ነገር ፈለግሁ። ባልዲ ብቻ ነው ያለኝ። ባልዲ ደፍቼ ልውጣ?

ሰማያዊ ሹራብ አለ። ምን ይደረግ።

ጥር 14

ተሸለምኩ።

ጥቁር ድንጋይ ላይ የቆመ ወርቃማ ቅጠል ነው። የሚከብደው! ድንጋዩ ላይ ስሜ፣ ከስሜ ስር የትውልድ ዓመቴ፣ ከዛ ሰረዝ። ከሰረዙ በኋላ ባዶ። ዓይኔን ጠረግሁ። እውነት ነው፣ ሰረዝ ነው። ምን ነበር ባይቸኩሉ፣ ትንሽ ቢጠብቁኝ!

ከረባት የምናገረውን ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ትሳደባለች ብለው ነው የሚጠብቁት። ከፊት ወንበር ላይ ዓይኔና ልጁ። ፊቱን ወደኔ አቅንቶ፣ እንደ ልጅ ፈገግ ብሎ…

"ይሄ የዓይኔ ነው" ብቻ አልኩ።

ማን እንደሆነ ያወቀ የለም። ዓይኗን አሟት ነው ብለው ይሁን እንጃ፣ አጨበጨቡ። ወረድኩ። ቢያንስ አየኝ።

ጥር 15

ቤቱ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ጀመረ።

"አለቃ፣ ያ ቀይ ሻርፕ! መብራቱ ሲያርፍበት ፊትሽን እንዴት አሞቀው መሰለሽ። እኔ ብቀርጽሽ እንኳን እንደዛ አላሳምርሽም።"

ሰማያዊ ሹራብ ነበር የለበስኩት።

ልጁ ከበሩ ጋ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፤ ይተዉት፣ እንደማለት።

"ደስ አለህ?" አልኩት።

"በጣም።"

ዝም አልኩ። እኔ… ዝም አልኩ።

የካቲት 2

ምንም።

የካቲት 11

ሬዲዮ ላይ አንዱ ጋዜጠኛ "ድንቅ ፊልሞችን ትሠራ የነበረችው አንጋፋ" አለኝ። የነበረችው! ደወልኩ። "በስህተት ነው እናቴ" አለኝ። በስህተት አይደለም ልጄ። የት እንደተጻፈ አውቃለሁ፣ ድንጋይ ላይ ነው።

የካቲት 24

ፋርማሲስቷ ልጁ ከሥራ ስትወጣ ብቅ አለች። አልቀመጥም አለች።

"አባዬ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ነው የሚውለው። እትዬ፣ እርስዎም ደግሞ ሲመጡ ቀስ ብለው ይገባሉ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ…"

"ታዲያ ልጩህበት?"

"ኧረ ይጩሁበት! ቤቱ ሆስፒታል ሆነብን።"

ስትሄድ ስልኳን አየሁት። "ይሄ ነገር ደህና ያነሳል?" አልኳት።

"ፎቶ?"

"ፊልም።"

መጋቢት 8

የድሮው ሲኒማ ቤት ፍራሽ መሸጫ ሆኗል። ወንበር የነበረበት ሁሉ ፍራሽ ተቆልሎበታል። በሩ ግን ያው ነው፣ እጀታው ሳይቀር።

"ነጠላ ነው ድርብ የምትፈልጉት?" አለ ሻጩ።

"በሩን ነው።"

"በር አንሸጥም እማማ።"

"ለማየት ነው። ስንጨርስ ትራስ እንገዛለን።"

ያንን በር አውቀዋለሁ፣ ሳይደገፍ አይቆምም። የሕይወት ዘመኔን በከረጢት ይዤ ነው የሄድኩት። ከነሰረዙ ስሩ ወተፍኩት። ቀጥ አለ! ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ዋለ።

ስልኩን ዓይኔ ደረቱ ላይ አድርጎ ያዘ። ዓይን ይሂድ እንጂ እጁ ያው ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ትከሻውን ይዤ ወደ በሩ አዞርኩት። ልጁ በአጠገቡ ቆመች።

"ምን ይታያል?" አለኝ።

"ብርሃኑ ደጃፉ ላይ ተንጣልሎ፣ እንደ ተስፋ ዓይነት…"

"አለቃ፣ ስብከት አልጠየቅሁሽም። ጥላው እግሬ ጋ ደርሷል?"

"አልደረሰም። አንድ ክንድ ይቀረዋል።"

"በየት በኩል?"

"በግራህ።"

"ሰው?"

"አንዲት ሴት ትራስ ታቅፋ እየወጣች ነው።"

"ፊቷ?"

"ደክሟታል። ፀሐይዋ ስታገኛት… ቅጭም አለች።"

"ያዝኳት?"

"ትንሽ ወደኔ። ትንሽ… እዛ። ያዝካት።"

ያዛት። በሕይወቴ እንደዛ አውርቼ አላውቅም፤ ሳላጋንን፣ ሳልሳደብ፣ ያለውን ብቻ።

ከዛ ሴትየዋን ሊከተል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከኋላው ምን እንዳለ አልጠየቀኝም። ቁልሉን በጀርባው መታው፣ ፍራሹ ተናደ፣ ስልኩ በረረ፣ እሱ ፍራሽ ላይ ተዘረረ።

"ዓይንህን ላፈር!" አልኩ።

አመለጠኝ።

ሻጩ ደነገጠ። ልጁ አፏን በእጇ ያዘች። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ከፍራሹ ውስጥ ሳቅ መጣ። ሳይዘገይ፣ ወዲያው።

"ተመስገን!" ይላል እየተንፈራፈረ። "ስድቤን ስታቆሚ እኮ የሞትኩ መስሎኝ ነበር!"

ሳልፈልግ አብሬው ሳቅሁ። ከዛ አለቀስኩ መሰለኝ። ሻጩ ትራሱን በግማሽ ዋጋ ሰጠን፣ ቶሎ እንድንሄድለት።

ቤት ገብተን ስልኩን ከፈትኩት። ምን ይታያል አለኝ። ነገርኩት። ሴትየዋ አለች፣ ጥላው አለ፣ ፊቷ አለ። ከዛ ጣሪያ። ከዛ ስልኩ በፊቱ ተደፍቶ ጥቁር። ጥቁሩ ላይ የኔ ድምፅ፣ ስድቤ።

"ከጥቁሩ ጀምሮ ያለውን እቆርጠዋለሁ" አልኩት።

"እንዳትነኪው" አለኝ። "እኔ የማየው እኮ እሱን ነው።"