የአኮርዲዮኑ ማንገቻ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበቴን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? የመድኃኒት መደብር ሥራ ቀኑን ሙሉ መቆም ነውና ለራስሽ እወቂበት። ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ክር በመርፌ ማስገባት እምቢ እያለኝ ነው። ልጅቷም ደህና ናት። ደህና ብቻም አይደለችም፤ እሱን ግን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

በየዓመቱ የምልክልሽ ግማሽ ገጽ እንደነበር አውቃለሁ፤ አድጋለች፣ ጤነኛ ናት፣ ትማራለች፣ አለቀ። ያሁኑ ረጅም ነው። ሲመችሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

አንደበቷን እንደሚይዛት ጽፌልሽ አላውቅም። እንዳትወቅሺኝ ፈርቼ ነው የደበቅኩሽ። የጀመራት አራት ዓመት ሲሞላት ነው። ቃሉ ከጉሮሮዋ ይነሳና ከንፈሯ ላይ ይቀራል፤ ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ወደ ላይ እየሳበች ትታገለዋለች። ሰፈሩ «ጭምቷ» ይላታል። ጭምት አይደለችም፤ የምትለው ሞልቶ ነው የሚያፍናት። ሁለተኛ ክፍል እያለች ርዕሰ መምህሩ አስጠርቶኝ፣ ይቺ ልጅ ከሌሎቹ እኩል መቀጠሏ ያስቸግራል ቢለኝ፣ «ልጄ ሰው ፊት ቆማ የምትናገርበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን እርስዎንም እጠራዎታለሁ» ብዬው ወጣሁ። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት እጄን የስፌት መኪናዬ ላይ ጭኜ አምላኬን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንደበቷን ፍታልኝ። ለራሴ ጤና እንኳ ለምኜ አላውቅም። ጎረቤቶቼ እስኪስቁብኝ ድረስ አምኜ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ አኮርዲዮኑ መጣ። ባሏ የሞተባት አንዲት ደንበኛዬ የሟቹን ኮቶች ለልጆቿ ልክ እንዳደርግላት ስታመጣ እሱንም አብራ ተሸክማ መጣችና፣ ቤት ውስጥ ሳየው ያስለቅሰኛል፣ ለሚፈልግ ሰው ስጪልኝ ብላ ጥላው ሄደች። ልጅቷ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀምጣ አቀፈችው። ቁመቷን ያህላል። ወናፉን ስትከፍተው እንደ ሰው ተነፈሰ። እሷም አብራው ተነፈሰች። የሱሪ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር፤ መርፌውን ጣቴ ላይ ተከልኩት፤ ሕመሙን ያወቅኩት ደሙን ሳይ ነው።

መምህርቷን የፈለግኳት እኔው ነኝ። በገዛ እግሬ ሄጄ፣ በገዛ አፌ ለምኜ! ከመነጽር መሸጫው በላይ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች የሙዚቃ አስተማሪ ናት፤ ክረምት ከበጋ ቤት ውስጥም ኮፍያ አታወልቅም። እኔ ስም ሳወጣላት «ባለ ኮፍያዋ» አልኳት፤ ልጅቷ ግን በዚህ ስም ስጠራት ፊቷን ታጠቁርብኛለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ቀስ በቀስ ግን ቤቴ ውስጥ ሌላ ሴት ገባች። ልጅቷ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች፤ ባለ ኮፍያዋ እንደዚያ ነው የምትጠጣው። ስታዳምጥ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ማድረግ ያዘች፤ ያም የሷ ነው። የሰፋሁላትን ቀሚስ ትታ ሰፊ ሱሪ ስፊልኝ አለችኝ፤ ወናፉ ከቀሚስ ጋር ይጣላል ተብላ። ይህንንም በወረቀት ጽፋ ነው የነገረችኝ። ሰፋሁላት። በየስፌቱ አንድ እርግማን እየወጋሁ ሰፋሁላት። እንጀራዬ ልክ መለካት ነው፤ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ክንዷን ከሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሆኖም ዓርብ ዓርብ ከዚያ ፎቅ ስትወርድ ልኳን የማላውቀው ሰው ሆና ትወርድብኝ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ዝናብ ጀመረና ጃንጥላ ይዤላት ሄድኩ። ደረጃው ላይ ስደርስ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ልጅ ጋዜጣ ጮክ ብላ ታነባለች። ስለ አንድ ድልድይ እድሳት ነው። ሌላ ተማሪ መስላኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከንባቡ በታች የአኮርዲዮኑ ወናፍ በቀስታ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሲከፈት ታነባለች፣ ሲዘጋ ትንፋሽ ትወስዳለች። ቃሉ እንደ ውኃ ይወርዳል። ከዚያ አንዱ ቃል ላይ ድምፁ ትንሽ ቀጠነ፤ ያኔ አወቅኳት። እህቴ፣ የኔዋ ናት! አሥር ዓመት የለመንኩትን ድምፅ በሰው ቤት ደጅ እንደ ለማኝ ተቀምጬ ሰማሁት። ንባቡን ስትጨርስ ባለ ኮፍያዋ ሳቀች፤ እሷም ሳቀች።

በሩን በርግጄ ገብቼ ማቀፍ ነበረብኝ። ተንበርክኬ ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ። አምላኬን ተቀየምኩት፤ «እኔ ልለምን፣ እሷ ትቀበል?» አልኩት። ጃንጥላውን ከበሩ ሥር አስደግፌ በዝናብ ተመለስኩ።

ማታ እራት ላይ ዛሬ ምን ተማርሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ድ... ድ...» አለች። «ድገሚ አለችሽ?» አልኳት። ራሷን ወዘወዘች። «ድ... ድል...» ስትል፣ «ድሉ የማን ነው ደግሞ! ድካም ነው በይኝ እንጂ፤ ደክሞሻል፣ በቃ ተኚ» አልኳት። ሳህኗን አነሳች። ድልድይ ልትለኝ እንደነበር እያወቅኩ ነው። ለሷ አንድ ጋዜጣ ሙሉ አንብባ ለኔ አንድ ቃል ስታጣ ውስጤ ምን እንደገባ እኔም አላውቅም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ አኮርዲዮኑን ከሣጥኑ አወጣሁት። የቀኝ ትከሻውን ማንገቻ ገለበጥኩና በትንሿ መተርተሪያዬ ስፌቱን አንድ በአንድ ተረተርኩት። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አሮጌው ሲያልቅ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰም በተቀባ ክር፣ ዕድሜ ልኩን እንዳይለቅ አድርጌ። ስትመለስ ማንገቻው ተበጥሷል አልኳት። ነገ እሰፋዋለሁ አልኩ። ነገ መጣ፤ የሰው ልብስ ደርሶብኛል አልኩ። ለባለ ኮፍያዋም ልጄ ፈተና ስላለባት ለጊዜው አትመጣም ብዬ ላክሁባት። የከተማው ሰው የተቀደደውን ሁሉ ለኔ እያመጣ፣ እኔ ለልጄ አንድ ክንድ ማንገቻ መስፋት አቅቶኝ አምስት ሳምንት አለፈ።

በአምስቱ ሳምንት ውስጥ ልጅቷ መታገሉንም ተወችው። አዎ ለማለት ራሷን ትነቀንቃለች፣ አይ ለማለት ትወዘውዛለች፣ ሌላው ሁሉ ቀረ። አሸናፊዋ እኔ ነበርኩ፤ ይኸው ማክሰኞዋም ዓርቧም የኔ ሆኑ። ምን ይደረግ፣ ዝምታዋን ነው ያሸነፍኩት።

በስድስተኛው ሳምንት ባለ ኮፍያዋ እጅጌው የረዘመ ካፖርት ይዛ ሱቄ መጣች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ነበረች። ክንዷን ስለካ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ያለውን አኮርዲዮን አየ። ሄዳ ማንገቻውን በጣቷ ዳበሰችው። «እናቴም ልብስ ሰፊ ነበረች» አለችኝ፤ «የተበጠሰ ክርና የተተረተረ ክር እለያለሁ።» መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ ብዬ ተመኘሁ። አልጮኸችብኝም። የሙዚቃ ኮሌጁ ፈታኞች ከወር በኋላ ወደ ከተማችን እንደሚመጡ፣ ልጅቷን ማስመዝገቧን ነገረችኝ። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ልጅሽን አልወስድብሽም። ግን ስትናገር ጠብቂያት። እኔ ሌላ ጥበብ የለኝም፤ እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ፣ ያ ብቻ ነው። አንቺ ግን ትጨርሺላታለሽ።»

ከስድብ ሁሉ የከፋብኝ ይኸ ነው። እርስዎ ማለቱን ትቼ፣ «ያልወለድሽ ሴት ስለ ልጅ ምን ታውቂያለሽ!» አልኳት።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለችና ኮፍያዋን አስተካክላ ወጣች። እኔ ሜትሩን በእጄ እንደያዝኩ ተገትሬ ቀረሁ። ከአፌ የወጣው ቃል ዞሮ የራሴን ጉንጭ በጥፊ አጮለኝ። ለምን እንዳጮለኝ በዚህ ዓለም ላይ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ማንገቻውን ሰፋሁት። ልጅቷ ስትገባ ሰፍቼ አልጨረስኩም ነበር፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ ክሩን ሰም ትቀባልኝ ጀመር። እኔ ነኝ የተረተርኩት አልኳት። ለረጅም ጊዜ አላየችኝም። ከዚያ ክሩን አቀበለችኝ።

ፈተናው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነበር። ርዕሰ መምህሩን አልጠራሁትም፤ ለዚያ የሚሆን ድፍረት አልቀረልኝም። ከኋላ ወንበር ላይ እኔና ባለ ኮፍያዋ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ በመካከላችን የሷ ካፖርት አለ፣ እጅጌውን አሳጥሬዋለሁ። እንዴት እንደተጫወተች ልንገርሽ ብል አልችልበትም። ሦስተኛው ፈታኝ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ አላነሳውም። አዩልኝ ልላት ወደ ባለ ኮፍያዋ ዞር ስል እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። በእንባዋም ቀናሁ፤ እኔ ከድንጋጤ የተነሳ ማልቀስ አልቻልኩም ነበር።

ሲያበቃ ማን አስተማረሽ ብለው ጠየቋት። የመምህርቷን ስም ከነአባቷ ሳይይዛት ጠራችው። እንደ ጦር ወጋኝ። ከዚያ አንደኛዋ ፈታኝ ወደኛ እያየች፣ ከሳቸው ጎን ያሉትስ ማን ናቸው አለቻት።

«እ...» አለች።

ከቃል ሁሉ አጥብቃ የምትይዛት ይቺ ናት። እኔን ስትጠራ ሁልጊዜ መግቢያው ላይ ትቀራለች፤ ለዓመታት በሆዴ፣ አንደበቷ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው እያልኩ ስነድ ኖሬያለሁ። ዓይኗን ጨፈነች። አገጯ ወደ ላይ ወጣ። አፌ ሊጨርስላት ተከፈተ፤ ባለ ኮፍያዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ተረጋግታ ተቀምጣለች። አፌን ዘጋሁት። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ አንድ ካባ ከጥግ እስከ ጥግ መዘምዘም እችል ነበር።

«እናቴ ናት» አለች።

ተቀብለዋታል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ኮሌጁ ወዳለበት ወደናንተ ከተማ ትመጣለች። ባለ ኮፍያዋ ወዳጇ ዘንድ ክፍል አግኝታላት ነበር፤ አሁንም ደሜ ፈላና፣ አክስት አላት አልኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ብታርፍ ለኔ ይቀለኝ ነበር። ወደ አንቺ የምልካት ግን በቅናት አይደለም።

ሦስት ዓመት ሆኗታል አንድ ጥያቄ ከጀመረችኝ። «እ... እማዬ፣ ለ... ለ... ለምን» ትላለች፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶሽ ላይ ነው፣ አንዳንዴም የራሷ ረጃጅም ጣቶች ላይ። እኔም ፈጥኜ፣ ለምን አክስቴ አትመጣም ነው? ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ እጨርስላታለሁ። ጥያቄዋ እሱ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ አያውቅም። ባለፈው እሑድ እንደገና ጀመረች። መቀሴን አስቀመጥኩና ጠበቅኳት። እስከ መጨረሻው ጠየቀችኝ።

የምችለውን ነገርኳት። ስትወልጃት ለራስሽም ገና ልጅ እንደነበርሽ፣ ክፉ ሴት እንዳልነበርሽ፣ እኔ ሳልገደድ ደስ ብሎኝ እጄን እንደዘረጋሁ። የቀረው ያንቺ ነው፤ እኔ አልነካሁትም። ለባለቤትሽ ምን እንደምትነግሪው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሁለት ሳምንት አለሽ። ስትናገርሽ ግን አትቸኩዪባት። ያማል፤ ቢሆንም ጠብቂያት። የቀረውን ከማን ልስማ ስትለኝ፣ «አ... አ... አክስትሽን ጠይቂ» ልላት አቃተኝ፤ እኔ ባለ አፏ ተንተባተብኩ። እሷም ጣልቃ አልገባችም። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ጠበቀችኝ።

አምላክ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፤ ደጅሽን የምታንኳኳውን ልጅ በደስታ ለመቀበል ጉልበት ይስጥሽ። ለኔም ባዶውን ቤት የምችልበት ልብ እንዲሰጠኝ ለምኚልኝ።

ታላቅ እህትሽ