ሦስት ጀሪካን ለአንድ ሰው

ሰኞ

ዛሬ የእትዬ ዘሪቱን ጀሪካን ከወረፋው ፊት አንስቼ ጭራ ላይ አቆምኩት። በኛ ሰፈር ሌሊት ጀሪካን ይሰለፋል፣ ሰው ይተኛል። ጀሪካንህ ከቆመ አንተ ቆመሃል ማለት ነው። የእሳቸው ጀሪካን ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፣ አይጠፋም። ጠዋት መጥተው ሲያዩ፣ "ማነው እኔን ጭራ ያደረገኝ?" ብለው ጮኹ። ቦኖው በሙሉ ሳቀ። እኔ ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

"አንተ ቀጣፊ፣ ካንተ ሌላ ማን ሊሆን!" ብለው ክዳኑን ወረወሩብኝ። ሳቱኝ።

ሦስተኛ ጀሪካኔን ቀድቼ ቤት ገባሁ። ከዚያ ጭጭ። እህቴ አግብታ ቡሌ ከሄደች ወዲህ በሩን ስዘጋ ድምፁ ይበዛብኛል።

ማክሰኞ

ቦኖው ጋ ኢንጂነር መጣ። ዲላ ስታድግ ወደፊት የሚበቃትን ውሃ ያጠናል አሉ። ኮረብታው ሳይቀር ቤት ሆኗል፣ ጉድጓዱ ግን ያው የድሮው ነው። ኢንጂነሩ ልጅ ነው፣ ከኔ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ጭቃ ነጭ ጫማ!

"ኢንጂነር፣ መጀመሪያ የጫማህን ማጠቢያ ውሃ አጥና" አልኩት። ሳቀ።

ከዚያ ሁሉንም በየተራ ጠየቀ። ስንት ቤተሰብ? በቀን ስንት ጀሪካን? እትዬ ዘሪቱ፦ ሰባት ሰው፣ አራት ጀሪካን። እኔ ጋ ሲደርስ ገና አፌን ሳልከፍት ቦኖ የሚያስቀዳው ሰውዬ፣ "እሱማ ብቻውን ነው፣ በየቀኑ ሦስት ይወስዳል" አለ።

ኢንጂነሩ ቀና አለ። "ብቻህን ሦስት? ምን ታደርገዋለህ?"

"ዝሆን አረባለሁ።"

ማንም አልሳቀም።

ረቡዕ

ውሃ ይሸጣል ተባልኩ። ቧንቧ ለማይደርሳቸው የኮረብታው ሰዎች እየወሰደ ይቸበችባል አሉ። እኔ! ለእንጀራዬ ጆንያ የተሸከምኩ ቀን እንኳ ዳገቱን የምወጣው እያለቀስኩ ነው።

ጀሪካኔን ከወረፋው አውጥተው አጥር ስር ጥለውታል። አስቀጂው ሰውዬ "እስኪጣራ አትቀዳም" አለኝ። ሌላው ዝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ስድብ መልስ አለው።

ማታ የትናንት ቆጮ። ግማሹን ተውኩት።

ሐሙስ

ኢንጂነሩ ሊያጣራ ቤቴ መጣ፣ እትዬ ዘሪቱን አስከትሎ። ምን ልደብቅ? ከፈትኩላቸው። ሙሉ ጀሪካን ከበሩ እስከ አልጋዬ ተደርድሯል። የተረፈውን የምደፋባት የጓሮዬ እንሰትም ውሃ በዝቶባት ቢጫ ሆናለች።

"አትሸጥም ማለት ነው" አለ።

"አልሸጥም።"

"ታዲያ ለምን ትቀዳለህ?"

ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

"ጀሪካን ያልያዘ ሰው ቦኖ ጋ ቢቆም ምን ይሉታል?" አልኩት።

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ፣ "አይዞህ፣ በእቅዱ መሠረት በየግቢው ቧንቧ ይገባል። ቦኖው ይዘጋል" አለኝ። ሊያጽናናኝ እኮ ነው!

እትዬ ዘሪቱ ጀሪካኖቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ወጡ።

ዓርብ

ተጣራ፣ መቅዳት ትችላለህ ተባልኩ። አልሄድኩም። አሁን ምክንያቴን አውቀውታል፣ በምን ፊቴ ልቁም?

ከሩቅ የጀሪካን ኳኳታ ይሰማል። አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። በምን እንደሳቀ አላውቅም።

ውሃው ይምጣ፣ ልጆች ጀሪካን ለማሰለፍ ሌሊት መነሳቱ ይብቃቸው። ግን ሁሉም በየግቢው ሲከፍት ማን ማንን ይፎግራል? ይሄንንስ የሚያጠና አለ?

ቅዳሜ

ጠዋት በሬን ስከፍት ደፉ ላይ ባዶ ጀሪካን ቆሟል። ቀይ ጨርቅ።

ግራ ቀኝ አየሁ፣ ሰው የለም። ሙድ እየያዙብኝ ነው? የሰኞን እየተበቀሉ? እንጃ። ብቻ በሰፈሩ ደንብ ከሄድን እትዬ ዘሪቱ እኔ ጋ ወረፋ ይዘዋል።

ከሙሉዎቹ አንዱን ገልብጬ ሞላሁላቸው። ክዳኑን ኪሴ ውስጥ ደበቅኩት። ሲፈልጉ ትንሽ ይቆያሉ።

እስካሁን አልመጡም። በሩን አልዘጋሁትም።