ወደ ህንድ፣ ሳይታመሙ

ኖቬምበር 4፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ልብስ እያጠፍኩ ቪዲዮ አያለሁ። ኮቺ። የህንድ የወደብ ከተማ። ዓሣ አጥማጆቹ በረጅም ግንድ ላይ ወደ ባሕሩ ይራመዳሉ፤ በክብደታቸው ትልቁ መረብ ይወርዳል። ሲመለሱ ከኋላ በገመድ የተንጠለጠሉት ድንጋዮች መልሰው ያነሱታል። የቻይና መረብ ይሉታል። መጀመሪያ ያየሁት አሰላ፣ ዐሥራ አንደኛ ክፍል፣ ሰሌዳ ላይ ነው። የሒሳብ መምህራችን ሚስተር ኩርያን የዚያ ከተማ ሰው ነበሩ። ዓርብ ከሰዓት ክፍሉ ሲያንቀላፋ ቁጥሩን አጥፍተው መረቡን ይስሉልን ነበር። ሒሳቡ አልሆነልኝም፤ መረቡን ግን አልረሳሁትም።

ልጄ ቤቲ ለሃምሳ ዓመቴ ትኬት ገዛችልኝ። ለእኔና ለአባቷ። ጉዞው ከገና በኋላ ነው። መ/ቤት የሰጠኝ ዐሥር ቀን። ዐሥሩንም ለኮቺ።

ማታ

ትኬቱን ገና አሁን በደንብ አነበብኩት። በአ.አ. በኩል ነው። ጠዋት ገብተን ማታ እንነሳለን። ቤቲ ጋ ደወልኩ።

«ማሚ፣ ላይክ፣ ሌይኦቨር ነው እኮ! ምሳ ትበላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ሱፐር ኢዚ።»

እዚህ ሰው አገር ያደገ ልጅ። ዘመድ ባለበት ከተማ ምሳ ብቻ ተበልቶ የሚኬድ ይመስላታል።

ግርማ ግን ፊቱ በራ። ባሌ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ሲገባ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አልኩት። እሺ አለ። በጣም ቶሎ ነው እሺ ያለው። አልወደድኩትም።

ኖቬምበር 6፣ ሰኞ

ለእህቱ ነግሯል። ለአንድ ሰው ብቻ ነው ይለኛል። እትዬ አልማዝ አንድ ሰው አይደሉም። የቤተሰቡ ግሩፕ ከንጋት ጀምሮ ይንጫጫል። ስለ ኮቺ የጠየቀ የለም። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማነው የታመመው?

ገባኝ። ከአዲስ አበባ ህንድ የሚኬደው ለኩላሊት፣ ለልብ፣ ለጀርባ ነው። ለሽርሽር የሄደ ሰው ሰምተው አያውቁም። ለጉብኝት ነው ብዬ ጻፍኩ። የግርማ አክስት ልጅ ወዲያው መለሰች፦ «አይዞሽ አስቱ፣ እግዚአብሔር ትልቅ ነው።»

ደህና ነኝ፣ ደብተር። ላንተ ልንገርህ፤ ሌላ የሚያምነኝ ጠፋ።

ኖቬምበር 8፣ ረቡዕ

ወሬው ደርሷት ጓደኛዬ ሙሉ ከከተማው ዳር፣ ከዱሉዝ መጣች። በሥራ ቀን፣ በዚያ ትራፊክ። አጥሚት በፔርሙስ ይዛ። ሶፋው ላይ ጋደም አደረገችኝ። በሹክሹክታ፣ የበሽታው ስቴጅ ስንት ደርሷል አለችኝ። ምንም የለብኝም፣ ቤተ መንግሥትና የድሮ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ነው የምሄደው ስላት፣ ቤተ ክርስቲያን የሚለውን ብቻ ሰምታ አለቀሰች።

አጥሚቱ ጥሩ ነበር። ሁለት ኩባያ ጠጣሁ። «ጎሽ፣ ጉልበት ይሆንሻል» አለች።

ኖቬምበር 9፣ ሐሙስ

እትዬ አልማዝ ፕሮግራም አውጥተዋል። አምስት ቀን ጸበል፣ ከዚያ ህንድ። ግርማ የአ.አ.ውን ቆይታ ኤክስቴንድ እናድርገው ይላል። ከዐሥሩ አምስት! መንገዱ ተቀንሶ ለኮቺ ሦስት ቀን ቢተርፈኝ ነው።

አንድ መላ አለ። ታምሜአለሁ፣ ዶክተሩ ቀን ቆርጦልኛል ብል በቃ። በሽተኛ የሚያዘገይ የለም። ራሳቸው ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ያሻግሩኛል። ለግርማ ነገርኩት። ደነገጠ። «በራስሽ ላይ አታሟርቺ!» አለና እስከ እራት አኮረፈ። ግማሹ ሟርት ፍራቻ ነው፣ ግማሹ አዲስ አበባ እንዳትቀርበት።

ሙሉ ሁለተኛ ፔርሙስ ልካለች። ይህን እየጠጡ መዋሸት ይከብዳል።

ኖቬምበር 11፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

እትዬ ጋ ደወልኩ። በቪዲዮ፣ ቆሜ፣ ሊፕስቲክ ተቀብቼ። እትዬ፣ ጤነኛ ነኝ፤ የምሄደው አገር ለማየት ነው አልኳቸው።

«ምኑን?»

እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ግርማንም ጨምሮ። ነገርኳቸው። መረቡን። ግድግዳው በሥዕል የተሞላውን ቤተ መንግሥት። የአይሁዶቹን ምኩራብ፤ ወለሉ የቻይና ሸክላ ነው፣ ሁለት የሚመሳሰል የለውም ይባላል። ዝንጅብል የሚሰጣበትን ግቢ። ፖርቱጋሎቹ ስመ ጥር መርከበኛቸውን የቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን፤ ኋላ አጥንቱን ወደ አገሩ ወስደውታል፣ የሚጎበኘው የነበረበት ቦታ ነው።

«ባዶ መቃብር ልታዪ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

አለቀልኝ አልኩ።

«እኔ ለጉልበቴ ህንድ አንድ ወር ተኝቼ ያየሁት ኮርኒስ ነው» አሉ። «ነጭ ኮርኒስ። ጉልበቱ ዳነ፤ ዳነና ሶፋ ላይ ተቀመጠ።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ስለ ቤተ መንግሥቱ ደግመሽ ንገሪኝ አሉ። ደረጃ ይበዛዋል ወይ?

ማታ

እትዬ አብረውን ሊሄዱ ነው። ቪዛውን ልጃቸው ያስጨርሳል። ጸበሉ ቀረ፤ ለጤነኛ አይጣደፍም አሉ። እቤታቸው ምሳ እንበላለን፣ ማታውኑ ሦስታችንም እንነሳለን። ከዐሥሩ ቀን አንድም አልተነካብኝም። ግሩፑ ላይ በድምፅ አስታወቁ፦ «አስቱ ድናለች። ተዉአት።»

አሁን የምስጋና መልእክት እየጎረፈ ነው።

ኖቬምበር 12፣ እሑድ

ግርማ ደስ አላለውም። ዘመድ ፈለገ፣ ዘመድ አገኘ፤ ግን ኮቺ ድረስ ተከትሎት። ታላቅ እህቱ ሲያዩት እንዴት እንደሚነዳ፣ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚተነፍስ ያርሙታል። በረራው ረጅም ነው አለኝ። ነው አልኩት።

ቤቲ ደወለች። ከአ.አ. ወዲያ ጎን ለጎን ሦስት ወንበር አግኝታለች። ማን የት ይቀመጥ አለችኝ። ግርማ አጠገቤ ቆሞ ያዳምጣል።

ወሰንኩ። መተላለፊያው ጋ እትዬ፣ ለጉልበታቸው። መስኮቱ ጋ እኔ። ግርማ መሃል።