አሜን የሚባልበት ቪዲዮ ቤት

አስራትዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። የፊታችን እሁድ ሙት ዓመትህ ነው፤ ጠላው ተጠንስሷል፣ ስለ ድንኳኑም ለዕድሩ ተነግሯል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ታውቀኛለህ፣ ጭንቀት ሲይዘኝ ወጥ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ እጨምራለሁ። ሰሞኑን የቤታችን ወጥ አይበላም።

ቦንጋ ያው ዝናቧን አላቆመችም። ቪዲዮ ቤትህን ለልብስ ሰፊ አከራየሁት፤ አግዳሚዎቹን ዕድሩ ወሰዳቸው። ካሴቶችህና ማጫወቻው ዴክ ግን አሁንም ሳሎን ቁምሳጥኑ ላይ ናቸው። የጨነቀኝም በእነሱ ምክንያት ነው።

ልጃችን ፅጌ አስራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ወንድምህ ከጅማ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ላከላት፣ ለጥናት ብሎ። እሷ ግን አንድ ሰውዬ ፊልም እያቆመና በቀይ እየከበበ ድብቅ ምልክት የሚያሳይበትን ቪዲዮ ማየት ጀመረች። ዓይን ካለ የሰይጣን ነው፣ ሦስት ማዕዘን ካለ የሰይጣን ነው፤ እጁን ያነሳ ሽማግሌ ከታየማ አለቀ። የሳሙና ካርቶን ሳይቀር እያገላበጠች ትመረምራለች። መጀመሪያ ሳቅሁባት። ባለፈው ሳምንት ግን ምሳ እየበላን ድንገት አለቀሰች። አባዬ ሳያውቅ ያንን ሁሉ ለሰው ሲያሳይ ኖሮ አሁን ነፍሱ ምን ሆና ይሆን አለችኝ። ካሴቶቹ ከእሁድ በፊት ካልተቃጠሉ ሙት ዓመቱ ላይ አልገኝም አለች።

እኔ ሰው አገር በሥራ ተመድቤ የመጣሁ ታይፒስት፣ ስለ ነፍስ ምን አውቄ ልመልስላት? የገዛ ልጁ ያልተገኘችበት ተዝካር ምን ይባላል እያልኩ ሰነበትኩ።

አንተን ያገኘሁህም እዚያው ቪዲዮ ቤት ነው። ሸምበቆ ይዘህ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመህ የሕንዱን ፊልም ለእኛ በአማርኛ፣ ከሺሺንዳ ለገበያ ለመጡት ደግሞ በካፋዎቹ ቋንቋ በካፊኖኖ ትተረጉማለህ። ሕንድኛ አንድ ቃል እንደማታውቅ የነገርከኝ ከተጋባን በኋላ ነው። የሁሉም አገር ፊልም አንድ ነው ትል ነበር፤ ልጅ ከቤቱ ይወጣል፣ ውሃ ይሻገራል፣ መንገድ ላይ ሽማግሌ ያገኘዋል። ውሃው የትም ይሁን ለአንተ የእኛው ወንዝ ጎጀብ ነበር፣ ድልድይ ካለውም የሰው እጅ ያልሠራው የእኛው የእግዜር ድልድይ።

ሽማግሌው እጁን ሲያነሳ ካሴቱን ታቆማለህ። ተነሱ፣ እየመረቀ ነው ትላለህ። ከተሰበሰበው ሰው በዕድሜ ትልቁ ይመርቃል፣ ሌላው ቆሞ አሜን ይላል፣ ከዚያ ፊልሙ ይቀጥላል። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ለመመረቅ ብቻ ይመጡ ስለነበር በነፃ ታስገባቸው ነበር። ምርቃታቸው ከፊልሙ አያጥርም።

ትናንት ከሰዓት ፅጌን፣ ነይ አንዱን አብረን እንየው፣ ክፉ ነገር ካገኘሽበት ሁሉንም እኔው አቃጥላቸዋለሁ አልኳት። ካልኩ በኋላ ፈራሁ። ካሴቱ ሻግቶ ድምፁ ጠፍቷል፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ልጁ ከቤቱ ወጣ። ውሃውን ተሻገረ። ሽማግሌው መጣና እጁን አነሳ። ፅጌ ክንዴን ጨብጣ፣ ይኸው እማዬ፣ ይኸው አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስንት ጊዜ ያየሁት ሽማግሌ ያን ጊዜ እኔንም አስፈራኝ።

የማደርገው ጠፍቶኝ ካሴቱን አቆምኩት። ከእኔ የሚበልጥ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። ተነሳሁ። እደጊ ተመንደጊ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማርልሽ፣ ፍርሃትሽን ያንሳልሽ አልኳት። ዞር ስል ፅጌም ቆማለች። ክንዴን ሳትለቅ አሜን አለች።

ከዚያ፣ ሽማግሌው እየመረቀ መሆኑን አባዬ እንዴት አወቀ ብላ ጠየቀችኝ። አላወቀም፣ ሕንድኛ አይችልም ነበር አልኳት። መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥላ፣ እና ሰውየው ታክሲ እየጠራ ቢሆንስ ብላ አንተ ከሄድክ ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ካሴቶቹ አልተቃጠሉም። ጭንቀቱ ለቀቀኝ ግን አልልህም። ዛሬ ጠዋትም ያንን የስልኳን ሰውዬ ስትሰማው ነበር። እሁድ ትምጣ አትምጣ አልነገረችኝም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። ብቻ ነጠላዋን አጥባ አስጥታዋለች። በዚህ ዝናብ ይደርቅ ይሆን እያልኩ ደጋግሜ እየወጣሁ እነካዋለሁ።

በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ የትም ፊልም ላይ እጁን ያነሳ ሽማግሌ ካየሁ አቁሜው እነሳለሁ፣ ስምህንም እጠራለሁ። አሜን የሚለኝ ሰው እንዳላጣ አንተም እዚያ ሆነህ ለምንልኝ።

ባለቤትህ ዘነበች