ንጉሡ ግቢ ሲኖሩ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 13፣ 2009

ቀኑን ሙሉ የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል አውቶቡስ ስነዳ ዋልኩ። ሜስኪት ቤቴ ስደርስ ሰውነቴ ቀድሞኝ ተኝቷል። አባባ እንደ ሁልጊዜው በረንዳው ላይ ናቸው። ጭናቸው ላይ ከላይብረሪ ያመጣሁላቸው ትልቅ መጽሐፍ... የእንግሊዝ ነገሥታት ቤተ መንግሥቶች። ሥዕሉን እሳቸው ያያሉ፣ ጽሑፉን እኔ እተረጉማለሁ። ንግሥቲቱ ገናን ሳንድሪንግሃም፣ የሙቀቱን ወራት ባልሞራል ታሳልፋለች።

"ባዶው ቤት ውስጥ እሳት የሚያነደው ማነው?" አሉኝ።

ሠራተኞች አሉ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያዘኑት ለማን ይሆን? አልጠየቅሁም። ደክሞኛል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 18

ንግሥቲቱ ግቢ ስትኖር ሰንደቋ ይሰቀላል፣ ስትወጣ ይወርዳል። ይህን ሳነብላቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን በረንዳው ብረት ላይ ዘረጉት። ታች የሚኖረው ሜክሲኳዊ ሽማግሌ ቀና ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። አባባም እጅ ነሡ። አንድ ቃል አይግባቡም። ዓመት ሙሉ ግን ተግባብተው ኖረዋል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 22

በሩ ላይ ከአፓርትመንቱ ኦፊስ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። በረንዳ ላይ ልብስ መዘርጋት ክልክል ነው። ሰንደቅ ነው ብዬ ላስረዳ?

ማታ እኅቴ ዕፀ ሕይወት ከአርሊንግተን ኮል አደረገች። በቃ አባባ እሷ ጋ ይሁኑ አለች፤ እኔ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ፣ እሠራለሁ፣ እሳቸው ብቻቸውን ይውላሉ፣ እሷ ሰፊ ቤት አላት፣ ምን ይጠበቃል? እውነቷን ነው። እኔም ከደብል ገብቶ ወጥ ማሞቅ... ለማንም አልናገረውም።

ለአባባ ነገርኳቸው።

"እናንተ እንዳላችሁ" አሉ።

በእኛ ቤት ይህ ቃል እሺ ማለት ሆኖ አያውቅም። የአገር ቤቱን ቤት እንሽጠው ስንላቸውም ያሉት ይህንኑ ነው። ቤቱ እስከ ዛሬ አልተሸጠም። አውቃለሁ። ያላወቀ መሰልኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 31

ወሰድኳቸው። አርሊንግተን ስንገባ አዲሱን ስታዲየም አይተው ይሄኛውስ የማን ግቢ ነው አሉ። የኳስ ተጫዋቾች። ሁልጊዜ ይኖሩበታል? አይ፣ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። "እነሱም ባዶ ነው የሚያበሩት" አሉ።

የዕፀ ሕይወት ቤት ያምራል። ጓሮው ከቁመቴ በሚበልጥ የእንጨት አጥር ተከቧል። አባባ ዳር ዳሩን ዞሩ። ሰው የሚታይበት በኩል የለም። "ያምራል" አሉ።

ቤት ስመለስ ጋቢው በረንዳው ላይ ነው። ረሱት? አባባ ነገር አይረሱም...

ሰኞ፣ ኖቬምበር 9

ጋቢውን አላስገባሁትም። ለምን? እንጃ።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ሜክሲኳዊው ሽማግሌ ደረጃው ሥር ጠበቀኝ። ወደ ጋቢው ጠቆመ፣ ወደ ባዶው ወንበር ጠቆመ፣ መዳፉን ዘረጋ። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ለሌለበት በረንዳ ባርኔጣውን ሲያነሣ ከርሟል ማለት ነው። ሰንደቁ አለ፣ ንጉሡ የሉም። አፈርኩ።

አባባ ጋ ደወልኩ። ጋቢዎን ረስተዋል፣ ላምጣልዎት?

"አልረሳሁትም" አሉ። "እዚያው ይሁን።"

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 14

መለስኳቸው። ዕፀ ሕይወት ተቀየመች። "ምን አጎደልኩባቸው?" ምንም። አጥሩ ነው ብላት ትስቅብኛለች። እሑድ እሑድ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፤ እኔም ደብሉን ተውኩ። አለቃዬ ታመሃል ወይ አለኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 16

ገና ሳይመሽ ገባሁ። ፓርክ አድርጌ ቀና ስል ጋቢው የለም። ብረቱ ባዶ... ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

አባባ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ጋቢውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል።

"ሰንደቁስ?" አልኩ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

"በረደኝ" አሉ። "ደግሞ የታቹ ሰውዬ እኔኑ ራሴን አይቶኛል።"

ለራሴም ወንበር አወጣሁ።