ገመዱን ያስፈታሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለእኅቴ ለወይዘሮ የብርጓል፣ ለቀምት ከተማ።

እኅት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ? የጉልበትሽን ሕመም የዚያ አገር እርጥበት አላባሰብሽም? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ወንድምሽ ወልደ ሚካኤል እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ መቆሜ ግን አሳፍሮኛል።

ሙያ ይልመድ ብለሽ የላክሽልኝ ልጅሽ አወቀ ከጣራ ወድቋል። ነፍሱ አለች፤ ከወገቡ በታች ግን አይንቀሳቀስም። ወጌሻው ሁለት ጊዜ አሽቶት ሄደ፤ ሦስተኛ ባስጠራው ከእንግዲህ የኔ እጅ አይደለም ብሎ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎልማሳነቴ የሠራሁትን የፊታውራሪውን አዳራሽ ታውቂዋለሽ፤ ጣራውን በጠፍር ያሰርሁት እኔ ነኝ። ጌትየው ጫካ ከገቡ ወዲህ ክዳኑን የሚያድስ ጠፍቶ ሁለት ክረምት ዘነበበት። ዘንድሮ ጣሊያኖቹ እንጨቱን ለምሽጋቸው ፈልገው አፍርሱ አሉን። የሥራው አለቃ ካቦው፣ እሱም ጣሊያን ነው፣ ከምሰሶው ጋር የሚታሰር የወገብ ገመድ ለሠራተኛው ሁሉ ሰጠ። አወቀም ታጠቀ። እኔ ከታች ሆኜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ፣ እኔ ባሰርሁት ጣራ ላይ እንደ ጥጃ ታስረህ ትወጣለህ? ፍታው!» አልሁት። ሰዎቹ ሳቁበት። ፈታው። ጓደኛው አበረም እሱን አይቶ ፈታ።

ሣሩን ገፈው ማገሩን ሲረግጡት ጠፍሩ ተበጠሰ። ለካ ቆዳው ውሃ ጠጥቶ በስብሶ ኖሯል። አርባ ዓመት ቤት ሠርቼ ይህ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም፤ ኩራት ነው የጋረደኝ። አበረ ክንዱን ተሰብሮ ተረፈ። አወቀ በጀርባው ድንጋይ ላይ ወደቀ። ገመድ የታጠቁት ሦስቱ ተንጠልጥለው ቀሩ፤ በመሰላል አወረድናቸው።

አገሩ ሁሉ ጣሊያኑን ይረግማል። ጠላቴ ነው፣ በሌላው እኔም እረግመዋለሁ፤ በዚህ ግን አልዋሽበትም። ይህን የሚጽፍልኝ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ «እናት ናት፣ ይህችን እንዝለላት» ቢለኝ፣ «ጻፍ» ብዬዋለሁ።

ልጅሽ ለጠያቂው ሁሉ እግሬን አዳልጦኝ ነው ይላል። የኔን ስም መሸፈኑ ነው። በእጄ አጎርሰዋለሁ፣ አገላብጠዋለሁ፤ ዓይኑን ግን ማየት አቅቶኛል። ልትወስጂው ብትመጪ እስከ ዓባይ በቃሬዛ አደርሰዋለሁ። ልትረግሚኝ ብትመጪም ደጄ ክፍት ነው።

ለባለቤትሽ ለአቶ ታረቀኝ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ሽታዬን ግንባሯን፣ ትንሿን አይናዲስን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ደብሪቱ እያለቀሰች ትስምሻለች። ወረቀቱን ያመጣልሽ ነጋዴው አብዱልቃኒ የታመነ ሰው ነው፤ መልስሽን ለእሱ ስጪው።

አወቀ እግርሽን ስሟል። «ትንሽ ወለም ብሎት ነው በላት» ብሎኛል። እኔ ግን እንዲያ አላልሁሽም።

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.