ከኋላ ዱብ የሚለው ድምፅ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ከተለያየን ወዲህ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎን የሚወጋዎት ሕመም በጠብታው ቀለል አለልዎ ወይስ እንደዚያው ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እማዬን ወገቧ እንዴት አደረጋት? እኛ፣ ዘይነባም ልጆቹም እኔም፣ ናፍቆታችሁ እንዳለ ሆኖ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት አካላችንን ነው። እኔማ ይህችን ታህል እስክጽፍ ድረስ ሦስት ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ በመስኮት መኪናዋን ወደ ታች አይቼ ተመልሻለሁ።

እህቴ ፈቲያ፣ ይህን ለአባዬ የምታነቢላቸው አንቺ ስለሆንሽ አደራ እልሻለሁ። እኔን የሚያሳፍር ቦታ ስትደርሺ አዝነሽልኝ ዘለሽ እንዳታልፊ። ሁሉንም አንብቢላቸው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምዎት አውቃለሁ አባዬ። በስልክ ልነግርዎት ስንት ጊዜ ሞክሬ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ልጆቹ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። ድሮ ሲደውሉልኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ መኪናዋስ እንዴት ናት ይሉኝ ነበር። አባዬ ከእኔ ጤና የመኪናዋን ያስቀድማሉ እያልኩ ከዘይነባ ጋር እቀልድ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ስለ መኪናዋ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ልጆቹን ይጠይቃሉ፣ ሥራዬን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ነው መቀመጫ ያሳጣኝ።

ነገሩን እርስዎም አልረሱትም። ጥቅምት ላይ ለዓይንዎ መጥተው፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚመለስ ብርሃን የለም ያለዎት ቀን፣ ከቦሌ ወደ አራብሳ ይዤዎት ስመለስ ከጎኔ አቀርቅረው ተቀምጠው ነበር። ጎሮን እንዳለፍን ድንገት ቀና አሉና ነዳጅ ስሰጥና ስለቅ ከኋላ ዱብ የሚል ነገር እንዳለ ነገሩኝ። የዲፈረንሻሉ ጎሚኒ ነው፣ ዲፈረንሻሉን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያስረው ጎማ ተበልቷል፣ ካምቢዮዋን ማንም እንዳይከፍትብህ አሉኝ። ያን ቀን ፊትዎ ፈካ ያለው ያኔ ብቻ ነበር። እኔ እሺ እሺ ብዬ አለፍኩት።

እርስዎ ቡታጅራ ከተመለሱ በኋላ ድምፁ ባሰ። አትላስ አካባቢ ላለው የእንግዳ ማረፊያ ከኤርፖርት ሰው የማመላልስባት መኪና ናትና፣ እዚያው ቦሌ ካሉት፣ ወለላቸው እንደ ሳሎን ከሚያብረቀርቅ ጋራዦች ወደ አንዱ ወሰድኳት። ሠራተኞቹ ልጆች ኮምፒውተር ሰክተው ችግሩ ከማርሹ ሳጥን፣ ከካምቢዮው ነው አሉኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን ቀይ ጽሑፍ ሳይ አመንኩ። አውርደው ፈቱት፤ አሥራ አንድ ቀን ቆመች። በመካከሉ እርስዎ ሲደውሉልኝ ነው ያ ክፉ ቃል ካፌ ያመለጠው። አባዬ፣ የአሁን መኪና በጆሮ አይታወቅም፣ እርስዎ የሚያውቁት የድሮውን ነው አልኩዎት። ሠላሳ ዓመት መኪና ሲጠግኑ የኖሩትን ሰው! እርስዎም እንግዲህ እንደዚያ ይሆናል ልጄ ብለው ስልኩን ለእማዬ ሰጧት።

የባሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መኪናዋ በወጣች ማግሥት ደውለው ድምፁ ጠፋ ወይ አሉኝ። ጠፍቷል አልኩዎት። ዋሸሁዎት አባዬ። ገና ከጋራዡ ግቢ ሳልወጣ፣ ወደ ኋላ ማርሽ ሳስገባ ዱብ ብሎ ነበር። እንደዚያ ከተናገርኩ በኋላ ልክ ነበሩ ማለት ሞት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ከዚያ ድምፅ መሸሽ ሆነ። ሬዲዮ ከፍ አድርጌ እነዳለሁ። ወደ ኋላ ማርሽ ላለማስገባት ብዬ ከቤት ርቄ አቆማለሁ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብዬ ሳነሣ ውዬ ማታ ጭኔ ይዝላል። አንድ ቀን ከኤርፖርት የጫንኳቸው ሽማግሌ ሻንጣዬ እየተንከባለለ ነው ብለው መንገድ ላይ አስቆሙኝ። የዕቃ መጫኛውን ብከፍተው ሻንጣቸው ንቅንቅ አላለም። እሳቸው ሳቁ፣ እኔ ግን ሬዲዮውን ይበልጥ ከፍ አደረግኩት። ዘይነባም ገበታ ላይ እግሬን ሳንቀጠቅጥ አይታ፣ መጣህ ወይስ ገና እየነዳህ ነው ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፈቲያ ደውላ በወሬ መሐል አንድ ነገር ነገረችኝ። እርስዎ እዚያው ቡታጅራ ወዳለው የሸምሱ ጋራዥ መሄድ ትተዋል አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ምርኩዝዎን ይዘው ሄደው፣ በሩ ላይ ካለችው አሮጌ የመኪና ወንበር ተቀምጠው፣ ሞተር ሲያስነሡልዎት አዳምጠው ሕመሙን ይነግሯቸው የነበሩት እርስዎ፣ አሁን ሸምሱ ራሱ ሊጠራዎት ሲመጣ የአሁን መኪና በጆሮ አይታወቅም ይሉታል አለችኝ። የእኔን ቃል፣ አንዲትም ሳትጎድል። ፈቲያ ቃሉ የማን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ አሁን ስታነብ ታውቃለች። ዓይንዎን በሽታ ወሰደው፣ ጆሮዎን ግን የነጠቅኩዎት እኔ ነኝ። ስልኩን ዘግቼ መንገድ ዳር አቆምኩና አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሥራዬን ትቼ አብዲሳ ወደሚባሉ አሮጌ መካኒክ ሄድኩ። ጋራዣቸው ከአራብሳ ወጣ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ሜዳ ነው። ገና ሳይነኳት የዲፈረንሻሉ ጎሚኒ ነው አልኳቸው። ገላመጡኝና እሱን አይተን እንነግርሃለን አሉኝ። ጉድጓዱ ላይ አቆምኳት። እሳቸው ከሥር ገብተው፣ እኔ ሞተር አስነሥቼ ፍሬን ጥርቅም አድርጌ ይዤ ማርሹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንድቀያይር አዘዙኝ። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ዲፈረንሻሉ እንደ ደነገጠ ሰው ብድግ ይል ነበር አሉ። ሲፈቱት ጎማው ከብረት ቀለበቱ ተላቆ፣ ለሁለት ሊቆረጥ ጥቂት ነው የቀረው። አዲሱን ፍለጋ የመለዋወጫ ሱቆቹን ሁለት ቀን ዞርኩ። ሲጠፋ፣ ቶርኖ ቤት በጠንካራ ፕላስቲክ እናስቀርጸው ብዬ ብጣደፍ አብዲሳ እምቢ አሉኝ። ጎማው እዚያ ቦታ የገባው ምቱን እንዲችል ነው፣ ደረቅ ነገር ከከተትክበት መኪናዋ ሁለመናዋ ይጮኻል አሉ። በሦስተኛው ቀን ተገኝቶ ገጠሙት።

ከዚያ አብዲሳ እጃቸውን እየጠረጉ የትኛው መካኒክ ነው ቀድሞ ያወቀው ብለው ጠየቁኝ። አባቴ ናቸው፣ ዓይናቸው አያይም፣ ከጎኔ ተቀምጠው አንዴ ሰምተው ነው አልኳቸው። ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና፣ እኔ ዓይን እያለኝ ጉድጓድ ካልወረድኩ አፌን ሞልቼ አልናገርም፣ ሰላም በልልኝ አሉ። ትናንት ሬዲዮውን ዘግቼ በጎሮ በኩል ነዳሁ። ነዳጅ ሰጠሁ፣ ለቀቅኩ። ምንም የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ እሺ እሺ ብዬ ያለፍኩት ቀን ታወሰኝ።

አባዬ፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። አፉ ሳንባባል ጾም እንዳንይዝ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ለተናገርኩትም ለዋሸሁትም አፉ ይበሉኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት የአጎቴ ልጅ ካሊድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥዎታል። አሮጌው ጎሚኒ ነው፤ ቅባቱን ጠርጌዋለሁ። ዙሪያውን በአውራ ጣትዎ ይዳስሱት። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ጣትዎ ይገባል። ጎሮ ላይ የሰሙት እሱን ነው። ከዚያ ይዘውት ሸምሱ ዘንድ ይሂዱ፣ ያችን ወንበር ማንም አይቀመጥባት።

የእማዬን፣ የወርቄን ጉልበት እስማለሁ፤ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ በሉልኝ። ፈቲያ፣ አንቺን በጣም ነው የማመሰግነው፤ ለልጆችሽ ለየብቻ ሰላምታዬን አድርሺ። ለሸምሱና ለጋራዡ ሰዎች፣ ለጎረቤቶቻችንም ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ዘይነባና ልጆቹ እጅዎን ይስማሉ።

ካሊድ ነገ በጠዋት ይነሣል፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይደርሳል። ከዚያ ጀምሮ ስልኬን ከእጄ አላወርድም። ሲደውሉልኝ የእኔን ጤና በኋላ ይጠይቁኝ። መጀመሪያ የመኪናዋን ይጠይቁኝ፣ አሁን እውነቱን እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ ኑሪ
ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.